ከግድቡ ሥር ያልወጣው ነጥብ

ተማሪዋ ሒሳብ የተማረችው አባቷን የገደለው ውሃው ይሁን ወይስ እናቷ የተናገረችው ቃል ለማወቅ ነው። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሲጠይቋት «ቁጥር ስለምወድ ነው» ትላለች። ቁጥር የሚወድ ሰው ሌላ ጨዋታ የለውም ተብሎ ስለሚታመን፣ ከዚያ በላይ የሚያደርቃት አልነበረም።

አባቷ የብስክሌት ጥገና ሱቅ ነበረው። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ፣ ከጣቱ አልለቅ ያለውን ግራሶ በአሸዋ ፈትጎ፣ ከሰፈራቸው በላይ ወዳለው ግድብ ይሄዳል። ግድብ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ የሲሚንቶ ግንብ ነው። ወንዙ በላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወርድና ከሥሩ ጸጥ ይላል። አባትየው ከግንቡ ራቅ ብሎ ይገባና፣ ወንዙ እስከሚታጠፍበት፣ ቤታቸው አጠገብ እስካለው ትልቅ ዛፍ ድረስ ይዋኛል። ልጅቷ ጫማውን በአንድ እጇ፣ ፎጣውን በሌላው ይዛ በዳር በዳሩ ትሄዳለች። እሱ በዋና፣ እሷ በእግሯ፣ ዛፉ ጋ እኩል ይደርሳሉ። ሁልጊዜ «ዛሬስ አሸነፍሽኝ» ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ ታምነዋለች።

በዝናቡ ወራት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ባልና ሚስት ተጣሉ። የተጣሉት በጣሪያ ነው። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ አባትየው «ነገ እደፍነዋለሁ» ሲል ከርሟል፤ እናትየው ደግሞ ነገ የሚባለው ቀን ከየትኛው ወር በኋላ እንደሚመጣ ጠየቀችው። ከዚያ ቃል ቃልን ወለደ። ልጅቷ መጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። በመጨረሻ እናትየው «ሂድ፣ እንደ ወጣህ ቅር» አለችው። በዚያች አገር ይህን ቃል በንዴት ያልተናገረች ሚስት ብትፈለግ አትገኝም። ባሎች ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ እራታቸውን ይበላሉ። የዚህች ሴት ባል ግን እንደ ወጣ ቀረ።

ልጅቷ ጠቡን ፈርታ ያን ቀን አልተከተለችውም።

ጫማው ከግድቡ አጠገብ ካለ ድንጋይ ሥር፣ ፎጣው ደግሞ ተጣጥፎ ድንጋዩ ላይ ተገኘ። እሱን ያገኙት ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነው፤ ወደ ታች የትም አልሄደም፣ እዚያው ግንቡ ሥር ነበር። ለቅሶ የመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከረ። እንደ ዓሣ የሚዋኝ ሰው፣ ልጆች በሚንቦጫረቁበት ውሃ እንዴት ይሞታል? ያን ቀን ውሃው ከፍ ያለ ቢሆንም ጸጥ ብሎ ነበር፤ ያዩ ሰዎች አሉ። ውሃ ደግሞ የያዘውን ይዞ ይወርዳል እንጂ አንድ ቦታ አቅፎ አይቀመጥም። ፎጣውን እንኳ አጣጥፎ ነው ያስቀመጠው፣ እንደሚሰናበት ሰው። ሌላው የሸፈነውን አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ በግልጽ አወጣው። «ራሱ ፈልጎ ነው እህቴ። እርምሽን አውጪ» አላት።

እናትየው አልተከራከረችም። ለምን እንደፈለገ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብላ አመነች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት አልሆነም። እናትየው ሌሊት በሩን አትቀረቅርም። ወደ ወንዙ የሚያየውን መስኮት ቁምሳጥን ገፍታ ደፈነችው። ፎጣውን በየሳምንቱ ታጥብና ከበሩ ጀርባ፣ ከድሮው ምስማር ላይ መልሳ ትሰቅለዋለች፤ ማንም አይነካውም። ጣሪያውን ጎረቤቶች «እንድፈንልሽ» ሲሏት «ተዉት» አለች፤ በነጻ ቢሏትም «ተዉት» አለች። ዝናብ ሲመጣ ጎድጓዳ ሳህን ታቀርብለታለች። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ልጅቷ ያደገችው ያንን እየሰማች ነው። አንዳንድ ቀን ጠብታው መሃል ላይ ቀጥ ሲል፣ እናትና ልጅ እኩል ቀና ብለው ወደ በሩ ያያሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ያላዩ መስለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትቀመጥ አማካሪዋ የምርምር ርዕስ ጠየቃት። «በአጭር ግድብ ላይ የሚወርድ ውሃ» አለች። ፕሮፌሰሩ ውሃ የሚወድ ሰው ስለሆነ ደስ አለው። ለምን እንዳለች አልጠየቃትም።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። ወንዙ በኮምፒውተር ውስጥ መረብ ይጣልበታል። እያንዳንዱ የመረቡ ዓይን ጎረቤቶቹን «ምን ያህል ትገፉኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱም የራሳቸውን ጎረቤት ይጠይቃሉ። ወሬው ከዳር እስከ ዳር ሲዳረስ ውሃው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ከዚያ እንደገና። ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ነጥቦች ይበተኑበታል፤ ውሃው ወደ ወሰዳቸው የሚሄዱ፣ የራሳቸው ፈቃድ የሌላቸው ነጥቦች። ከላይ ይገባሉ፣ ከታች ይወጣሉ።

ታዲያ ከነጥቦቹ መሃል አንዳንዱ የመረቡ ማዕዘን ላይ ይሰነቀርና ንቅንቅ አልል ይላል። ይህ የውሃው ጠባይ አይደለም፣ የስሌት ጉድፍ ነው። በላብራቶሪው እነዚህን «ግትሮች» ይሏቸዋል። የቤቱ ልማድ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፤ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ያልወጣ ነጥብ ይሰረዛል። ሁሉም እንዲህ ያደርጋል፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ። ተማሪዋም ገና እንደመጣች ግትሮችን የሚያጠፋውን መስመር ፕሮግራሟ ውስጥ ጻፈች፤ ከዚያ በላዩ ብዙ ነገር ስትጽፍበት መኖሩንም ረሳችው።

ፕሮግራሙ ሲቆም ከነጥቦቹ ምን ያህሉ እንደወጡ ይናገራል። የግድቡን ልክ ከውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት አገኘች፤ አባቷ የሞተበትን ቀን የወንዙን ከፍታም አገኘች፣ በየቀኑ የሚለካ ሰው ነበራቸው። አስገባችው። ቁልፉን ተጫነች። ኮምፒውተሩ አስቦ፣ አስቦ፣ መልሱን ሰጣት። የወጡ፦ መቶ በመቶ።

ውሃው የያዘውን ሁሉ ይለቅ ነበር ማለት ነው። ለቅሶ ላይ ያወሩት ልክ ነበሩ።

ያን ዓመት እንዴት እንዳለፈችው እሷ ታውቃለች። አባቷን ተቀየመችው። ሙት አይወቀስም ይባል ይሆናል፤ እሷ ግን ወቀሰችው። በአንዲት የቁጣ ቃል ትቶን ሄደ፣ እኔን ዳር ላይ ጫማ አስይዞ ያሳደገኝ ሰው አለች። መቃብሩ ጋ መሄድ ተወች። እናቷን ደግሞ ሆዷ እየባባ ታይ ጀመር። በበዓል ቤት ስትሄድ እናትየው ሳህኑን ከጠብታው ሥር ስታስተካክል፣ ልጅቷ ዓይኗን የምታሳርፍበት ታጣለች። ታውቃለችና። አውቃ ደግሞ ልትነግራት አትችልም።

ነገሩን የገለበጠው አቧራው ነው። አቧራው የክፍል ጓደኛዋ ቅጽል ስም ነው፤ በታማሚዎች ክፍል አየር ውስጥ ብናኝ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ያሰላ ስለነበር ስሙ በዚያው ቀረ። እሱም በበኩሉ እሷን «እመቤት ውሃ» ይላታል። ድካም የማይወድ ልጅ ስለሆነ የራሱን ፕሮግራም ከመጻፍ የእሷን ለመነ፤ ሰጠችው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

«እመቤት ውሃ፣ ፕሮግራምሽ ሌባ ነው» አላት።

«ምን ሰረቀህ?»

«ብናኞቼን ነዋ። ክፍሉ ውስጥ የረጨሁትንና በመስኮት የወጣውን ብቆጥር አይገናኝም። የቀረው ወለሉም ላይ የለም፣ አየሩም ላይ የለም። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ መቶ በመቶ ወጥቷል ይለኛል።»

«ግትሮች ናቸው። ይሰረዛሉ።»

«መሰረዙንስ ይሰርዝ። መጀመሪያ ይሰርዝና ከዚያ ከተረፉት ላይ ነው እንዴ መቶኛውን የሚያሰላው? እንደዚያማ ከሆነ ያልወጣውን ሁሉ አጥፍተሽ ሁሉም ወጣ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ፈተና ቢኖር እኔም አንደኛ እወጣ ነበር።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷ ላይ ያየው ነገር አስደንግጦት ወንበሩን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰ።

መስመሩን ፈልጋ አገኘችው፤ በራሷ እጅ የተጻፈ። አጠፋችው። የዚያን ቀን ውሃ እንደገና አስነሳች። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች፤ ኮሪደሩ ላይ ሰው እያወራ ያልፋል። ነጥቦቹ ከላይ መጡ፣ በግንቡ ላይ ተንሸራተው ወረዱ፣ ብዙዎቹ ወደ ታች ሄዱ። ከግንቡ ሥር ግን ጥቂቶች ቀሩ። አልተሰነቀሩም። ይንቀሳቀሳሉ። ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ራቅ ብለው ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ላይ ላዩን፣ በዝግታ፣ ወደ ግንቡ ይመለሳሉ። ግንቡ ጋ ሲደርሱ የሚወርደው ውሃ ይደፍቃቸዋል። እንደገና ይሰምጣሉ፣ እንደገና ብቅ ይላሉ።

አየቻቸው። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው ካለቁ በኋላም እነሱ እዚያው ነበሩ። ድንገት ያ የቤታቸው ጠብታ በጆሮዋ ገባ፣ በጠራራ ፀሐይ። ዓመቱን ሙሉ እነዚህን ነጥቦች ፕሮግራሙን ባስነሳች ቁጥር ስታጠፋቸው እንደኖረች ገባት። እየዞሩ ነበር፤ እሷ ደግሞ አልነበሩም ትል ነበር።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የነጥቦቹን ሽክርክሪት ብዙ ጊዜ አየው።

«ያምራል» አለ። «ማማሩ ግን እውነት አያደርገውም። መረብሽ ሰፊ ነው። መረቡ ሲሰፋ ስሌት የሌለ ነገር ይፈጥራል፤ ይህን እኔ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።»

«ባጠብበውስ?»

«አጥብበሽው ከጠፋ ስህተት ነው። እያጠበብሽው ባለበት ከጸና ውሃው ራሱ ነው። ግን ስሚኝ፣ ጽሑፍሽ አልቋል፣ የምትከላከዪበት ቀን ደርሷል። አሁን ይህን ብትነካኪ ሁሉም እንደ አዲስ ነው። እንደኔ እንደኔ ለሌላ ጊዜ ብታቆዪው ይሻልሻል።»

«ማወቅ አለብኝ ፕሮፌሰር።»

«ምን ያስቸኩልሻል?»

«አባቴ እዚያ ውስጥ ነው ያለው» አለች። ልትል ያሰበችው ሌላ ነበር፤ የወጣው ይህ ሆነ።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ንጹሕ ነበር፤ ግን ጠረገው። የትኛው ግድብ እንደሆነ አልጠየቀም። «በዩኒቨርሲቲው ትልቅ የስሌት ማሽን ላይ የኔ ተራ አለ» አላት። «ውሰጂው። የመከላከያሽን ቀን እኔ አስገፋልሻለሁ።»

መረቡን አጠበበችው። ትልቁ ማሽን ሲያሰላ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሁለቱንም መልስ ፈራች። ቢጠፋ፣ አባቷ ራሱ ነው ትቷቸው የሄደው፤ እናቷም ቃሏን ይዛ ትሞታለች። ባይጠፋ ደግሞ አባቷ በሕይወት እያለ እዚያ ውስጥ ሲዞር ነበር ማለት ነው፤ እሷ ቤት ውስጥ መጋረጃ ጀርባ ተሸጉጣ።

በመጀመሪያው ሙከራ ሽክርክሪቱ ኮሰሰ። ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ አንድ ሁለት ነጥብ ብቻ ከግንቡ ሥር ይንገታገታሉ። ተነሥታ የግቢውን አጥር ዞረችው። ተመልሳ መረቡን ይበልጥ አጠበበች። ሽክርክሪቱ ተመለሰ፣ ከበፊቱም ጠርቶ። ደግማ አጠበበች። ያው ነው፤ ቦታው ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ከላይ የሚመለሰው ውሃ ጉልበቱም ያው። ከዚያ በኋላ የትኛውም መረብ ሊያነቃንቀው አልቻለም።

እፎይ እላለሁ ብላ ነበር የጠበቀችው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ የውሃው ድምፅ አስጠላትና ዘጋችው።

አንድ ነገር ቀረ። ነጥብ አይዋኝም፤ አባቷ ግን ዋናተኛ ነበር። ስለዚህ ለአንዱ ነጥብ ቀይ ቀለም ቀባችና እንዲዋኝ አደረገችው። ፍጥነቱን ከማንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጫማ የያዘች ትንሽ ልጅ በወንዝ ዳር የምትራመደውን ያህል ነው። አባቷ ይገባበት ከነበረው ቦታ አስነሥታ ወደ ዛፉ እንዲዋኝ አዘዘችው፤ ያን ቀን የሚመለሰው ውሃ እስከዚያ ድረስ ይደርስ ነበር። ቀዩ ነጥብ ላይ ላዩን ወደ ዛፉ ዋኘ፤ የሚመለሰው ውሃ ደግሞ ወደ ግንቡ ሳበው። ባለበት ቆሞ ይታገላል፣ ትንሽ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ይደፈቃል፣ ብቅ ይላል፣ እንደገና ፊቱን ወደ ዛፉ ያዞራል። ወደ ሥር ጠልቆ ወለል ለወለል ቢሄድ ኖሮ ይወጣ ነበር፤ የሚወጣው ውሃ ከሥር ነበር። አየር የሚፈልግ ሰው ግን ወደ ታች አይዋኝም። ዋና መቻሉ ምንም አልጠቀመውም።

ኮምፒውተሯን ይዛ ቤት ስትገባ እየዘነበ ነበር። እናትየው ሳህኑን ከጠብታው ሥር አድርጋ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ምነው በሥራ ቀን? ደህና ነሽ ልጄ?»

«ደህና ነኝ እማዬ። የምማረውን ላሳይሽ ብዬ ነው።»

«እኔ ቁጥር ምን አውቅልሽና።»

«ቁጥር የለውም። የሚታይ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ከፈተችላት። ይሄ ግንቡ ነው፣ ይሄ ውሃው፣ ይሄ የዚያን ቀኑ ከፍታ ብላ አመለከተቻት። እናትየው ግንቡን ስታይ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፤ ግን አልተነሣችም። ለዓመታት በቁምሳጥን ደፍናው የኖረችው ወንዝ አሁን ጠረጴዛዋ ላይ ይፈስሳል። ነጥቦቹ ወረዱ፣ ሄዱ፣ ጥቂቶቹ ቀሩ።

«ይሄ ቀዩ ምንድን ነው?» አለች እናትየው። ድምጿ ግን ያወቀ ሰው ድምፅ ነበር።

እናትየው ጎንበስ ብላ ቀረበች።

«ይዋኛል» አለች።

«ይዋኛል።»

«ወዴት ነው የሚዋኘው?»

«ወደ ዛፉ። ወደ እኛ።»

«ማን ወደ እኛ ዋኝ አለው?»

ልጅቷ መዋሸት ትችል ነበር። ሒሳቡ ነው ብትላት፣ ሒሳብ የማታውቅ እናት አምናት ዕድሜዋን በሙሉ በሰላም ትተኛ ነበር። አፏ ላይ መጥቶ መለሰችው። ያልወጡትን አጥፍቶ ሁሉም ወጡ የሚል ነገር ከእንግዲህ ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም።

«እኔ ነኝ ያልኩት እማዬ። ሒሳቡ ልቡን አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃውን ነው። ያን ቀን ዋናተኛም ቢሆን፣ መውጣት ቢፈልግም፣ ውሃው አይለቀውም ነበር። እዚያው ግንቡ ሥር ያቆየውም ውሃው ነው። ይህን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ። መውጣት ፈልጎ ነበር ወይ ብትዪኝ ግን ሒሳቡ ዝም ይላል።»

ጠብ፣ ጠብ። ቀዩ ነጥብ ተደፍቆ ብቅ አለ። እናትየው ዓይኗን ከእሱ ነቅላ ወደ በሩ አየች፤ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን አየች።

«ያን ቀን ያልኩትን ሰምተሽ ነበር፤ አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሱም ሰምቶኛል። ሰምቶኝ ምንም አልመለሰልኝም። እጁን ዘርግቶ ፎጣውን ከዚያ ምስማር ላይ አወረደና ወጣ።» የቀሚሷን ጫፍ በጣቷ አፍተለተለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥበው ኖሬ፣ ምን ሊያደርግለት እንደያዘው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ሊሞት የሚሄድ ሰው በምን እደርቃለሁ ብሎ ያስባል?»

እናትየው የጠየቀችው ልጅቷን አልነበረም። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና እጇን ወደ ቀዩ ነጥብ ሰደደች፤ መስተዋቱን ሳትነካ ቀረች።

«ደከመው» አለች።

«እማዬ፣ ነጥብ ነው።»

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚለፋው?»

«እስካጠፋው ድረስ።»

ልጅቷ፣ እናቷ ከዚህ በላይ እንዳታይ ብላ፣ ልትዘጋው እጇን ሰደደች። እናትየው የእጇን አንጓ ያዘቻት። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ አያያዟ ግን አልላላም።

«ተይው፣ አታጥፊው» አለቻት። «ዛሬስ ብቻውን አይደር።»

ልጅቷ የኮምፒውተሩን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰክታ፣ ሁለተኛውን ወንበር አቅርባ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።